የሴልን መከፈል የሚይዘውን ፍሬን በሽንኩርት ሥር እንዴት እናያለን?

አዳማ ላይ ቀይ ሽንኩርት አይጠፋም። ጠንከር ያለ አንድ ምረጡ። የደረቀውን አሮጌ ሥር ፋቅ ፋቅ አድርጉና፣ ታችኛው ጫፉ ብቻ ውሃ እንዲነካ ብርጭቆ አፍ ላይ በስቴኪኒ ደግፋችሁ አስቀምጡት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። በአዳማ ሙቀት ነጫጭ ሥር ለማውጣት ጥቂት ቀን ይበቃዋል።

ቀጣዩ አሲድ ስላለበት በትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ ከመምህር ጋር ይሠራ። ጓንትና መነጽር አይረሳ። ከሥሩ ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ብቻ ቁረጡ። ሴል በብዛት የሚከፈለው እዚያ ነው፤ ከፍ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። 60 ዲግሪ በሞቀ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ በውሃ እጠቡት፣ በመስታወት ስላይድ ላይ አኑሩና ክሮሞዞም የሚያቀልመውን አሴቶካርሚን ጠብ አድርጉበት። ትንሽ ቆይታችሁ በስስ መስታወት ሸፍኑና በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ። እንዳይንሸራተት!

በማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ስታዩት ክሮሞዞሙ ወፍሮ የሚታየው፣ ማለትም እየተከፈለ ያለው፣ ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ሴል ድቡልቡል ኒውክለሱን ይዞ ተቀምጧል። ተማሪ ይህን ዘሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እዚሁ ቆም በሉ እላለሁ። ምን እየጠበቀ ነው?

አንዳንዱ ገና ዲኤንኤውን እየገለበጠ ነው። ጨርሶ መከፈል ደጃፍ የደረሰውም ዝም ብሎ አይገባም። በእርሾና በእንስሳት ሴል የታወቀው እንዲህ ነው (የዕፅዋት በዝርዝሩ ይለያል)። ሴሉን ወደ መከፈል የሚያስገባው ሲዲኬ 1 የሚባል ፕሮቲን ብቻውን አይሠራም፤ ሳይክሊን ቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ይጣመረዋል። ዊ 1 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ይለጥፍበትና ይይዘዋል። መናኸሪያ የቆመ ሚኒባስ አስቡ፦ ሰው ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ የሾፌሩ እግር ግን ፍሬን ላይ ነው። ሲዲሲ 25 የሚባል ፕሮቲን ፎስፌቱን ሲያነሳ ፍሬኑ ይለቀቃል። የነቃው ሲዲኬ 1 ራሱ ደግሞ ሲዲሲ 25ን ያበረታል፣ ዊ 1ን ያዳክማል። ስለዚህ ሴሉ እያመነታ አይገባም፤ ከገባ ገባ ነው። ዲኤንኤው ከተጎዳ ግን ቼክ 1 የሚባል ፕሮቲን ሲዲሲ 25ን ያግደዋል፤ እስኪጠገን ይቆማል።

ፍሬኑ ባይኖርስ? እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፖል ነርስ ዊ 1 የተበላሸባቸው የእርሾ ሴሎች ሳያድጉ ተቻኩለው ሲከፈሉ አየ። ስሙም ከዚያ መጣ፤ «ዊ» በስኮትላንድ ትንሽ ማለት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ከሳይንቲስቶቹ ከሃርትዌልና ከሃንት ጋር ኖቤል ተሸለመ።

አሁን ወደ ስላይዱ ተመለሱ። 100 ሴል ቁጠሩ፤ የገቡትን በአንድ በኩል፣ የሚጠብቁትን በሌላ በኩል ጻፉ። ክሮሞዞሙ በደንብ የተበተነ ሴል ካገኛችሁ ቁጠሩት፤ 16 መሆን አለበት።