በገጠር ቀበሌ ቆረቆርና ጭርት ምን ያህል እንደተስፋፉ እንዴት ይጣራል?

በኢትዮጵያ ገጠር ቆረቆር፣ ጭርትና ቋቁቻ ከመለመዳቸው የተነሣ ብዙ ወላጅ እንደ በሽታ አይቆጥራቸውም፤ ስለዚህ ወደ ጤና ኬላ የመጡትን ብቻ የሚቆጥር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የችግሩን ስፋት በእጅጉ አሳንሶ ያያል። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ያሳከከውንም ያላሳከከውንም ማየት ያስፈልጋል።

ቆረቆር በአብዛኛው የሚይዘው ከጉርምስና በፊት ያሉ ልጆችን በመሆኑ፣ ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መጀመር ይሻላል። ርእሰ መምህሩንና ወላጆችን አስፈቅዱ፤ የክፍሉን ስም ዝርዝር ይዛችሁ የቀሩትንም ልጆች መዝግቡ፤ በራሱ ቁስል አፍሮ ከትምህርት የቀረ ልጅ ሊኖር ይችላልና። እያንዳንዱ ልጅ በቀን ብርሃን፣ ከጓደኞቹ ዐይን ዘወር ብሎ ይታይ፤ በሰው ፊት የተዋረደ ልጅ ለሕክምና አይመለስም።

ሻሽና ኮፍያ ካስወለቃችሁ በኋላ ፀጉሩን በጣት እየከፈላችሁ ከግንባር እስከ ማጅራት ተመልከቱ። በአገራችን ለቆረቆር ዋነኛ መንስኤ የሆነው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለ ፈንገስ ፀጉሩን ከውስጥ ስለሚያዳክመው፣ ፀጉሩ ከቆዳው እኩል ይሰበርና ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። አንዳንዴ ግን የሚታየው ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። ያበጠና መግል የቋጠረ ራስ ከተገኘ ልጁ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

በገላ ላይ ጭርት የሚለየው ጠርዙ ከፍ ብሎ መሐሉ እየጠራ በሚሄደው ክብ ነው። ቋቁቻ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ለብቻው ይመዝገብ። በዐይን መለየት ካስቸገረ፣ ከቅርፊቱ ተፍቆ ከ10 እስከ 20 በመቶ በሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት።

ስርጭቱን ለማስላት የታመሙትን ለተመረመሩት ብቻ አካፍሉና በ100 አባዙ፤ ለምሳሌ ከተመረመሩ 60 ልጆች 18ቱ ቢያዙ 30 በመቶ ይሆናል። ያልተመረመሩትን እንደ ጤነኛ መቁጠር ውጤቱን ያዛባል።

ቆጥሮ ብቻ መሄድ ግን በደል ነው። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ግሪሶፉልቪን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። የተያዘው ልጅ ቤት ሄዳችሁ ወንድምና እኅቶቹንም እዩ፤ የሁሉም ራስ በአንድ ምላጭ የሚላጭ ከሆነ ሕክምናው ይከሽፋልና ምላጩም ማበጠሪያውም ይለይ። ቤታሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ቢያስታግስም ፈንገሱን ስለሚያስፋፋውና መልኩን ስለሚለውጠው፣ ቤተሰቡ ከሱቅ እየገዛ እንዳይቀባ በግልጽ ንገሩ።