የቆርቆሮ ጣራን የውሃ ምንጭ ማድረግ፦ ከሮቶ ግዢ በፊት የሚቀድመው ስሌት

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች፣ ነዋሪው ጄሪካን ደርድሮ ተራ በሚጠብቅበት በዚያው የሐምሌ ወር ከገዛ ጣራው የሚወርደው ዝናብ ግቢውን አጥለቅልቆ ወደ ቦይ ይሄዳል። ይህን ውሃ ለመያዝ የሚያስፈልገው የምህንድስና ሥራ አብዛኛው ከቤቱ ጋር አብሮ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ሸንተረር ያለውን የብረት ቆርቆሮ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 በፈጠራ መብት አስመዘገበው፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን የዚንክ ልባስ ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 አስከተለ። ሁለቱ ተዳምረው፣ ከሣር ክዳን በተለየ፣ ውሃውን ሳይመጥና ቀለሙን ሳይለውጥ የሚያወርድ ጣራ ሰጡን። የሚቀረው አሸንዳ፣ ቱቦና ማጠራቀሚያ ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ሮቶ በመግዛት ነው። መጀመር ያለበት ግን በስሌት ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። የሚለካው የቆርቆሮው ተዳፋት ሳይሆን ጣራው የሚሸፍነው የመሬት ስፋት ነው። 8 በ6 ሜትር የሆነ ጣራ 48 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በመፍሰስና በመትነን የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ቀንሰን ብናሰላ፣ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ብርቱ ዝናብ 768 ሊትር ይሰጣል። በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ በምታገኘው አዲስ አበባ ደግሞ የዚሁ ጣራ የዓመት ገቢ 46,000 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ የሚያጥረው ዝናቡ ሳይሆን ማስቀመጫው ነው፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ በሦስት ብርቱ ዝናብ ሞልቶ ይፈሳል።

በዚህ ምክንያት ሮቶው የሚመረጠው በጣራው ስፋት ሳይሆን በአገልግሎቱ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢመድብ፣ አምስት ወር ለሚቆይ በጋ 15,000 ሊትር ማከማቸት ይኖርበታል፤ ቧንቧ ላለው የከተማ ነዋሪ ይህን መሞከር ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ለእርሱ የሚበጀው በክረምት ልብሱንና ቤቱን በጣራ ውሃ እያጠበ የቧንቧውን ለመጠጥና ለምግብ ማቆየት ነው። ምንጭ ርቆበት ውሃ በአህያ ለሚያስመጣ የገጠር ቤተሰብ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፦ ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር ቢያዝ፣ በጋው የሚጠይቀው 3,750 ሊትር በመሆኑ አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃዋል።

አሸንዳው ከላሜራ ወይም ከፒቪሲ ሊሠራ ይችላል። በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው እያዘቀዘቀ፣ ውሃ ልክ ተይዞ ይታሰራል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው የመጀመሪያውን ውሃ ማስወገድ ነው። አቧራው፣ ቅጠሉና የወፍ ኩሱ የሚወርደው ዝናቡ በጀመረባቸው ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሊትር፣ በምሳሌያችን 24 ሊትር፣ ወደ ሮቶው ሳይገባ መቅረት አለበት። ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ ርካሽ ነው። መውረጃው ወደ ሮቶው ከመታጠፉ በፊት ቁልቁል የሚንጠለጠል፣ ጫፉ በሚፈታ መክደኛ የተዘጋ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ይገጠማል። ቱቦው በአንድ ሜትር ርዝመት ከ8 እስከ 9 ሊትር ስለሚይዝ 3 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ቆሻሻው ውሃ ቱቦውን ሲሞላ ተከትሎ የሚመጣው ንጹሑ ወደ ሮቶው ያልፋል። መክደኛው ላይ ቀጭን ምስማር የምታህል ቀዳዳ ከተበሳች ቱቦው በራሱ ጊዜ እየተንጠባጠበ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ይሆናል፤ ቀዳዳዋ በጭቃ እንዳትደፈን ግን በየሳምንቱ መክደኛውን ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው።

ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ይመዝናል። ስለዚህ መቀመጫው በደንብ የተጠቀጠቀ፣ ደልዳላና የሮቶውን ሥር ሙሉ በሙሉ የሚሸከም ይሁን፤ በአራት ማዕዘን በተደረደሩ ብሎኬቶች ላይ ያስቀመጠ ሰው የፕላስቲኩን መሰንጠቅ ራሱ እንደ ጋበዘው ይቁጠር። ትርፉ የሚወጣበት ቱቦ ከመግቢያው ያላነሰ ይሁን፤ ውሃውንም ከቤቱ መሠረት ያርቀው። የመግቢያውና የትርፉ አፍ የወባ ትንኝ እንዳይገባበት በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን። የሮቶው ጥቁር ቀለም ለጌጥ አይደለም፦ ብርሃን ስለሚከለክል ውስጡ አረንጓዴ እንዳያበቅል ያደርጋል፤ ክዳኑን ክፍት መተው ይህን ጥቅም ያስቀራል።

የጣራ ውሃ ጥሩ ቢመስልም ለመጠጥ ሲፈለግ መፍላት ወይም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በክሎሪን መታከም አለበት። ነዳጅ ለሚቸግረው ሌላ መንገድ አለ፦ የጠራውን ውሃ በንጹሕና ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት፣ ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ለሁለት ተከታታይ ቀናት፣ ፀሐይ ላይ ማስተኛት ይቻላል። በአስቤስቶስ ወይም እርሳስ ባለው ቀለም ከተሸፈነ ጣራ የወረደ ውሃ ግን በዚህ ሁሉ አይድንም፤ ለመጠጥ አይዋል። ሮቶው ዝናቡ ሳይጠና፣ ግንቦት ውስጥ ይታጠብ፤ ለማጠብ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ሰው ከላይ ሆኖ ሳይጠብቀው አይግባ።