የሰርቨሮችን ሁኔታ በቀለም የሚያሳይ የዋይፋይ መብራት አሠራር

ባሕር ዳር ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የትኛው ሰርቨር እንደተነሣ ኮምፒውተር ሳይከፍቱ ለማየት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ 8 አምፖል ማሳያ ይበቃል። አንድ አምፖል አንድ ሰርቨር ነው።

የሚያስፈልጉት፦ ኢኤስፒ 8266 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ) ያለበት ዲ1 ሚኒ ቦርድ፣ ባለ 8 አምፖል ደብሊውኤስ 2812ቢ ስትሪፕ (የእያንዳንዱ አምፖል ቀለም ለብቻው የሚታዘዝ)፣ 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ 330 ኦም ሬዚስተር፣ 74ኤኤችሲቲ125 ቺፕ። አንድ አምፖል ሙሉ ነጭ ሲበራ 60 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ብርሃኑን ከ255 (ከሙሉው) ወደ 40 አውርዱት፣ ለዓይንም ይሻላል።

የቦርዱን ምልክት ወደ 5 ቮልት ከፍ የሚያደርገውን ቺፕ አትዝለሉት። ቦርዱ የሚያወጣው ምልክት 3.3 ቮልት ሲሆን በ5 ቮልት የሚሠራው ስትሪፕ ግን ቢያንስ 3.5 ይጠብቃል። ያለ ቺፑ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ ይሆናል፣ ሽቦው ሲረዝም ግን ቀለሙ ይዘባረቃል። ከቦርዱ ዲ2 ወደ ቺፑ 2ኛ እግር፣ ከ3ኛው እግር በሬዚስተሩ በኩል ወደ ስትሪፑ መግቢያ። 1ኛውና 7ኛው ወደ ግራውንድ፣ 14ኛው ወደ 5 ቮልት ይገባሉ። ካፓሲተሩን ፖላሪቲውን (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እግሩን) አይታችሁ ስትሪፑ አጠገብ በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል በይዱት። የሁሉም ግራውንድ አንድ ይሁን። ጣና ዳር ባለ ቢሮ የክረምቱ እርጥበት ብየዳ ላይ የቀረውን ፍለክስ (ለብየዳ የሚቀባውን ኬሚካል) ተጠቅሞ መዳቡን ስለሚበላ፣ በአልኮል ጥረጉት።

ፕሮግራሙን በአርዱይኖ (ቦርዱ ላይ ፕሮግራም መጻፊያና መጫኛ ሶፍትዌር)፣ በአዳፍሩት ኒኦፒክስል ላይብረሪ ጻፉት። የቀለም ቅደም ተከተሉ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ነው፤ ከተሳሳተ የሞተው ሰርቨር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን አምፖል ብቻ ቀይ አብርታችሁ እዩ።

ፒንግ (ማሽኑ በኔትወርክ ላይ መኖሩን ብቻ የሚጠይቅ መልእክት) አይበቃም፤ ማሽኑ ለፒንግ እየመለሰ አገልግሎቱ ሊሞት ይችላል። በየ30 ሰከንዱ የኤችቲቲፒ ጥያቄ (ብራውዘር ድረ ገጽ ሲከፍት የሚልከው ዓይነት) ልካችሁ 200 (ተሳክቷል) የሚል መልስ ጠብቁ፣ ለእያንዳንዱ ቢበዛ 3 ሰከንድ። 8ቱም ዝም ቢሉ ዙሩ 24 ሰከንድ ይፈጃልና ከ30 አታሳጥሩት። ሰርቨሩ ሲመልስ አምፖሉ አረንጓዴ ይሁን፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ሳይመልስ ሲቀር ቢጫ፣ በተከታታይ ሦስቴ ሲቀር ቀይ።

ከሁሉ የሚከፋው ዋይፋይ ተቋርጦ የድሮው አረንጓዴ ባለበት ሲቀር ነው፤ እንዲህ ያለ ማሳያ ባይኖር ይሻላል። ግንኙነት ሲጠፋ ሁሉም ሰማያዊ ይሁን። መብራት ሲመለስ ቦርዱ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሣል፤ አንዴ ሞክሮ እንዳይተው በየ10 ሰከንዱ እንደገና እንዲሞክር አድርጉ። ቦርዱ የሚያየው 2.4 ጊጋኸርትዝን ብቻ ስለሆነ ራውተሩ ላይ ይህ መከፈቱን አረጋግጡ።

ከመስቀላችሁ በፊት ራውተሩን ነቅላችሁ ሰማያዊውን፣ አንዱን አገልግሎት አቁማችሁ ቢጫውንና ቀዩን፣ መልሳችሁ አስነሥታችሁ አረንጓዴውን ፈትኑ።