መምህራንን ወደ አዲስ የኦንላይን መማሪያ ፕላትፎርም ስናሻግር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሴሚስተሩ ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው አንድ አንጋፋ መምህር ቢሮዬ መጡ። ላፕቶፓቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ከተቀመጡ በኋላ እንደገና ተነሥተው በሩን ዘጉ። «ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር አልፈራም» አሉኝ። «የምፈራው ተማሪ ፊት መደናበር ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ ስለ ሶፍትዌር ይመስለኝ ነበር። መመሪያ እጽፋለሁ፣ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ኢሜይል እልካለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውንም የሽግግር ዕቅድ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ይህ አሠራር መምህሩን ተማሪ ፊት ያጋልጠዋል ወይስ አይዞህ ይለዋል? ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ፕላትፎርም መቀየር በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ብላክቦርድ የተባለው የመማሪያ ፕላትፎርም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተፎካካሪውን ዌብሲቲን ሲጠቀልል፣ በዌብሲቲ ያስተምሩ የነበሩ መምህራን ውሎ አድሮ ኮርሳቸውን ይዘው መነሣት ነበረባቸው። ዛሬም ሙድልና ካንቫስ በሚባሉት ሌሎች ፕላትፎርሞች መካከል፣ ወይም ከብላክቦርድ ወደ ሙድል የሚሄድ ዩኒቨርሲቲ አይጠፋም። ስህተቶቹም ይደጋገማሉ።

የሽግግሩን ቀን ኮንትራቱ እንዲወስነው መተው

የአሮጌው ፕላትፎርም ውል የሚያልቅበት ቀን ይታያል። ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሥልጠና ይመደባል። ብዙ ጊዜ ያ ቀን የሚያርፈው መምህራን የፈተና ወረቀት ሲያርሙ በሚያመሹበት ሳምንት ላይ ነው። አይመጡም። የመጡትም ልባቸው ሌላ ጋ ነው። ከዚያ «መምህራን ፍላጎት አላሳዩም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ይህ ሪፖርት ፍትሐዊ አይደለም።

ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት የዓመቱን የትምህርት ካላንደር ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። የምዝገባውን፣ የአጋማሽ ፈተናውንና የግሬድ ማስገቢያውን ሳምንታት ሰርዙ። የእናንተ ጊዜ የቀረው ነው። አሮጌውንም ፕላትፎርም ቶሎ አትዝጉት። ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር ለማየት ብቻ ክፍት ይሁን። «ግሬዴ ተሳስቷል» ብሎ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም፤ መምህሩ የድሮውን ውጤት ከፍቶ ማሳየት አለበት።

«ፋይሉ ከገባ ኮርሱ ገባ» ብሎ ማመን

ፕላትፎርሞች የሚግባቡበት ኮመን ካርትሪጅ የሚባል የጋራ የፋይል ዓይነት አለ። ገጾችን፣ ሰነዶችን፣ ሊንኮችን፣ የውይይት ርእሶችንና ኩዊዞችን ጠቅልሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። ተማሪዎች ያስገቡትን ሥራና ውጤታቸውን ግን አይዝም። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው፣ መምህሩ የሚያውቁት አሮጌው ከተዘጋ በኋላ ይሆናል።

ችግሩ «ኢምፖርቱ ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ነው። ያ መልእክት ፋይሉ መነበቡን እንጂ ኮርሱ መሥራቱን አይናገርም። ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይደርሳሉ። በፎርሙላ የሚሰሉ ጥያቄዎች፣ ጎትቶ የማዛመድ ጥያቄዎች፣ ከጥያቄ ባንክ በዘፈቀደ የሚወጡ ፈተናዎች ግን ብዙ ጊዜ ይጎዳሉ። ጥያቄው ይመጣና ሥዕሉ ይቀራል። ያለፈው ዓመት ቀን እንዳለ ይመጣና አሳይመንቱ ገና ከመከፈቱ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። ተደብቆ የነበረ የመልስ ወረቀትም ተገልጦ ሊመጣ ይችላል። ይህኛው ከሁሉም ያስፈራኛል።

ከሁሉም የሚያታልለው ግን ሊንክ ነው። መምህሩ በአንድ ገጽ ውስጥ «የሦስተኛውን ሳምንት ንባብ እዚህ ያገኙታል» ብለው ሊንክ አስገብተዋል። ሊንኩ የሚያመለክተው አሮጌውን ፕላትፎርም ነው። ሲነኩት ይከፈታል። ለምን? አሮጌው ገና አልተዘጋም፣ እሳቸውም በራሳቸው ኮምፒውተር እንደገቡ ናቸው። «ይሠራል» ብለው ያልፉታል። አሮጌው በሚዘጋበት ቀን ያ ሊንክ ይሞታል። አብረውት ስልሳ ሌሎችም ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ሊንክ ስትፈትሹ መጀመሪያ ከአሮጌው ፕላትፎርም ውጡ። ወይም ማንም ያልገባበት ብራውዘር ተጠቀሙ።

በነገራችን ላይ፣ ሁሉም ነገር መሻገር የለበትም። የዘጠኝ ዓመት ኮተት ያለበት ኮርስ አይቻለሁ፤ አንዱ ሲላበስ ብቻ በአምስት ዓይነት ቅጂ ተቀምጧል። ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ የሚሄደውን ከሚቀረው ለዩ። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ መምህራን ግን በኋላ ያመሰገኑኝ ለዚህ ነው።

የግሬድ መዝገቡን መጨረሻ ላይ ማሳየት

በሥልጠናው የመጨረሻ አሥር ደቂቃ «ግሬዱም እዚህ አለ» ተብሎ ይታለፋል። ትልቁ ጥፋት የሚፈጠረው ግን እዚህ ነው።

አንድ ኮርስ እንውሰድ። አጭር ፈተና ከ20፣ አሳይመንት ከ30፣ ፋይናል ከ50። አንዲት ተማሪ በፈተናው 18፣ በአሳይመንቱ 24 አገኘች። ፋይናሉ ገና ነው። መምህሩ የለመዱት መዝገብ 42 ብሎ ያሳያል፤ ከ100 ማለቱ ነው። አዲሱ ደግሞ 84 በመቶ ይላል። 42ን ያካፈለው እስካሁን ለታረመው ለ50 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

አሁን ሌላ ተማሪ ጨምሩ። በፈተናው 18 አግኝቷል፣ አሳይመንቱን ግን ጭራሽ አላስገባም። መምህሩ ሳጥኑን ባዶ ይተዉታል፤ ድሮም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። አዲሱ መዝገብ ባዶውን ከቁጥር ውጭ ያደርገውና ተማሪውን 90 በመቶ ይሰጠዋል። ያልሠራው ከሠራችው በለጠ ማለት ነው። ካንቫስ መምህሩ ካላዘዙት በቀር ባዶውን አይቆጥርም። ሙድልም ሲጀመር የተቀመጠለት አሠራር እንዲሁ ነው፤ በሴቲንግ ይቀየራል። ላልገባ ሥራ ዜሮ መጻፍ እንደሚያስፈልግ ማንም ካልነገራቸው፣ መምህሩ ነገሩን የሚሰሙት ከተማሪዎቹ አፍ ነው።

ስለዚህ እኔ አሁን ሥልጠናን የምጀምረው ከግሬድ መዝገቡ ነው። መምህሩ የራሳቸውን የምዘና ክፍፍል ይዘው ይመጣሉ። የሁለት ምናባዊ ተማሪዎች ውጤት እናስገባለን። አንደኛው የጎደለው ሥራ ይኖረዋል። የሚወጣውን ቁጥር አብረን እናያለን።

አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ቁልፍ ማስተዋወቅ

«ይህን ስትጫኑ ይህ ይመጣል፣ ያንን ስትጫኑ ያ ይመጣል።» ሁለት ሰዓት። ሲወጡ ምንም አልያዙም። መምህር ቁልፍ አይፈልግም፤ ነገ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚፈልገው። ማስታወቂያ መለጠፍ፣ አሳይመንት መክፈት፣ ለታመመች ተማሪ ቀን ማራዘም። ስድስት ሰባት ሆነው፣ በየትምህርት ክፍላቸው፣ በራሳቸው ኮርስ ላይ ይሥሩ። የኬሚስትሪ መምህሯ የምትጠይቀውና የሕግ መምህሩ የሚጠይቁት አንድ አይደለም። የባዶ ኮርስ ልምምድ ደግሞ ማታውኑ ይረሳል።

ማውሱን ከእጃቸው መውሰድ

«ይስጡኝ፣ ላሳይዎት» ብለን ማውሱን እንቀበላለን። በአራት ሰከንድ እንጨርሰዋለን። መምህሩ ያዩት የእኛን ፍጥነት ብቻ ነው። እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ። «በግራ በኩል ከላይ ሦስተኛውን ይንኩት» በሉ። ይረዝማል። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ብቻቸውን ሲሆኑ መንገዱን እጃቸው ያውቀዋል።

በተማሪ ዓይን አለማየት

መምህሩ ኮርሱን አሰማምረዋል። ሁሉም ነገር ይታያቸዋል። ተማሪው ሲገባ ግን ባዶ ነው፣ ወይም ኮርሱን ጭራሽ አያገኘውም። ካንቫስ ላይ አዲስ ኮርስ መምህሩ እስኪያትሙት፣ ማለትም «ፐብሊሽ» የሚለውን እስኪነኩ ድረስ፣ ለተማሪ አይታይም። ውስጡ ያሉት ሞጁሎችና ገጾችም እያንዳንዳቸው መታተም አለባቸው። ከአንድ ጊዜ በላይ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ድንጋጤ ይኸው ነው።

ካንቫስ የተማሪ እይታ የሚባል አለው፤ ሲከፈት የሙከራ ተማሪ ይፈጥራል፣ ኩዊዝ ሳይቀር መሥራት ይቻላል። ሙድል ላይ ሚናን ወደ ተማሪ መቀየር ይቻላል። ሁለቱንም አሳዩ። ከዚያ ደግሞ ስልክ አውጡና በስልክ ክፈቱት። ለኮምፒውተር ስክሪን የተሠራ ሰፊ ሰንጠረዥ ስልክ ላይ ምን እንደሚሆን መምህሩ በዓይናቸው ሲያዩ፣ ስለ አቀራረብ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ቅሬታን «ለውጥ አይወዱም» ብሎ መተርጎም

አንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ አሻፈረኝ ያሉ መምህር ነበሩ። ሁሉም «እሳቸው እንደዚህ ናቸው» ይላል። ሄጄ ጠየቅኳቸው። ለዓመታት አንድ በአንድ ያጠራቀሙት ከ400 በላይ ጥያቄ ያለው ባንክ አላቸው። እያንዳንዱ በርእስና በክብደት ተለይቷል። በሙከራው ሽግግር ጥያቄዎቹ ሲመጡ ያ ክፍፍል ጠፍቶ ሁሉም አንድ ላይ ተዘርግፏል። ሰውየው ለውጥ አልጠሉም፤ ልፋታቸው ሲበተን አይተው ነው። ባንኩን በርእስ ከፋፍለን ለየብቻ አወጣነውና ለየብቻ አስገባነው። ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። በሚቀጥለው ወር ባልደረቦቻቸውን የሚረዱት እሳቸው ሆኑ።

የሚያማርር መምህር አብዛኛውን ጊዜ ኮርሱን በጥልቀት የተጠቀመበት ሰው ነው። ዝም ያለው ምናልባት ሲላበስ ብቻ የሚሰቅል ይሆናል። ቅሬታ ያለበትን ሰው ከሽግግሩ በፊት ፈልጉ፣ ለሙከራም አስቀድማችሁ እሱን ጋብዙ።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ መጥፋት

በመክፈቻው ሰሞን የእርዳታ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ስልክ ቁጥር ይለጠፋል። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ይነሣል። ጥያቄው ግን እንደ ሴሚስተሩ ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ምዝገባና መግቢያ ነው። የመጀመሪያው አሳይመንት ሲገባ እርማት ይሆናል። በአጋማሹ ፈተና ሰዓት «ኔትወርክ ተቋረጠብኝ፣ ጊዜ ይጨመርልኝ» የሚል ተማሪ ይመጣል፤ መምህሩም በዚያች ደቂቃ ጊዜ እንዴት እንደሚጨመር ማወቅ አለባቸው። ያን ዕለት የሚያነሣ ስልክ ይኑር። ቢቻል ደግሞ ሰው በአካል አጠገባቸው ይቀመጥ።

እኔ የግሬድ ማስገቢያው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየትምህርት ክፍሉ እዞራለሁ። ከእያንዳንዱ መምህር ጋር የሦስት ተማሪዎችን ድምር በካልኩሌተር እንሠራና ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር እናስተያያለን። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ካልገጠመ ለማስተካከል ገና ጊዜ አለ።