የሳጥኑ ማማር አይሸውዳችሁ
ክላሲካል ሙዚቃ በሲዲ የምትሰበስቡ፣ ድጋሚ የታተመ ስትገዙ መጀመሪያ ጀርባውን አዙሩት። የተቀረጸበትና ድምፁ እንደገና የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይጻፋል። «ኤዲዲ» (ADD) ካለው ቀረጻው በአናሎግ ቴፕ፣ ሚክሲንጉና (ድምፆቹን ማቀናጀቱ) ማስተሪንጉ (ለኅትመት የመጨረሻው ዝግጅት) በዲጂታል ነው። ጥራቱን ግን ጆሮ ነው የሚለየው። ሹክሹክታ መሆን ያለበት ፒያኖ ከሙሉ ኦርኬስትራው እኩል ከጮኸባችሁ፣ ድምፁ ተጨምቋል፣ የዝግታውና የጩኸቱ ልዩነት ጠቧል ማለት ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ሆኜ ብዙ ሲዲ በያዘ አንድ የሚያምር የካርቶን ሳጥን ተሸውጃለሁ። ካርቶኑ በሁለት ክረምት እርጥበት ተጣመመ። ሲዲዎቹም ከጠባቧ የወረቀት ኪስ በወጡ ቁጥር ተጫሩ (በዚያ ብርድ፣ በደነዘዘ ጣት!)። አሁን ወደ ተራ ፕላስቲክ መያዣ አዛውሬያቸዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የቀረችው ቡክሌቷ ብቻ ናት።