የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የፍቅር ልብወለድን የሚያበላሹ ስህተቶች

"17ኛው ክፍለ ዘመን" ብሎ ብቻ መጀመር ትልቁ ስህተት ነው። መቶ ዓመት አንድ ዘመን አይደለም። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 አንገቱ ተቀላ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1650 የወጣው ሕግ ባለትዳር ሴትንና ውሽማዋን በሞት ይቀጣ ነበር። በ1660 ዘውዱ ሲመለስ ደግሞ ሴቶች በለንደን ቴአትር ቤቶች በሙያ መተወን ጀመሩ። ማታ ወደ ባለትዳር ሴት በመስኮት የሚገባው ወጣት በ1651 በአንገቱ ይወራረዳል። በ1668 ግን ጣጣው ሐሜት ሊሆን ይችላል። ዓመቱን ሳይወስኑ አንድ መስመር አይጻፉ።

ጋብቻው ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ጥሩ ታሪክ የሚባክነው እዚያ ነው። ያለ ቄስ ጋብቻ የለም ብለን እንጽፋለን። በዚያ ዘመን ግን ሁለት ሰዎች ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው "ሚስቴ ነሽ"፣ "ባሌ ነህ" ከተባባሉ ቃሉ ሊያስራቸው ይችል ነበር። አንዳቸው ሌላ ቢያገቡ እንኳ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ያንን ጋብቻ ሊያፈርሰው ይችላል። ይህን ያስቀረው የ1753ቱ ሕግ ነው።

ቁልፉ ግሱ ነው። የአሁን ጊዜ ከሆነ ጋብቻ፣ የወደፊት ከሆነ መተጫጨት ነው። በአማርኛ "እወስድሻለሁ" ለሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ "ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ሚስቴ ነሽ" ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ምስክር ከሌለ ደግሞ እሷ "ብሎኛል" ትላለች፣ እሱ ይክዳል። ልብወለዱ ተገኘ ማለት ነው።

ሁሉንም "አንቺ" እና "አንተ" ማስባልም ስህተት ነው። እየቀረ ቢሄድም እንግሊዝኛው ያኔ "ዛው" የሚል የቅርብ መጠሪያ ነበረው። ኩዌከር የተባሉት አማኞች ጌታውንም ሎሌውንም በእሱ ይጠሩ ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎች ይቆጡ ነበር። አንዲት ኩዌከር ልጅ ባለርስቱን "አንተ" ስትለው ክፍሉ ጸጥ ይላል። አማርኛችን ለዚህ የታደለ ነው፤ "እርስዎ" ወደ "አንቺ" የሚዞርባትን ቅጽበት ይጠብቋት።

ጀግናዋን በ15 ዓመቷ አይዳሯት። ተራ ሰው ቤት ሴቶች ብዙውን ጊዜ የሚያገቡት በ20ዎቹ አጋማሽ ነበር። በ1640 ሻይ አያቅርቡላት፤ ገና አልተለመደም።

የፍቅር ደብዳቤ ካለ ቀኑን ይዩት። አዲስ ዓመታቸው በሕግ የሚገባው ማርች 25 ነበር። ንጉሡ የተገደለበትን ጃንዋሪ እኛ 1649 እንለዋለን፤ እሷ ግን ደብዳቤዋ ላይ 1648 ብላ ነው የምትጽፈው።