አዋሽ ፓርክ ከልጆች ጋር ደርሶ መልስ፦ እንዴት ይኬዳል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ለልጆቻችሁ «አንበሳ እናያለን» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አንበሳ አለ፤ ግን ቀን ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚውለው። እኛ ቃል ገብተን ሄደን ትንሹ ልጅ ስንመለስ እስከ አዳማ «አንበሳውስ?» እያለ ሲነጫነጭብን መጣ። ቃል የሚገባው ለሳላ ነው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ ላለው የሜዳ እንስሳ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ደውሉ። መንገዱና አካባቢው ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሹፌር ወይም ፓርኩ አጠገብ ካለችው ከተማ ከመተሐራ ሰው ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. እዚያው ፓርኩ ዘንድ ባለው ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ ታስታውሳላችሁ፤ በዓምና ወሬ አትነሱ። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው አለ፣ ሳሩም ያድግና እንስሳውን ይሸፍነዋል።

መኪናው ከፍ ያለ ይሁን። ቪትዝ አስፋልቱን አሳምራ ትሄዳለች፣ ፓርኩ ውስጥ ግን ድንጋዩ ሆዷን ይፍቃታል። ከሌላችሁ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብላችሁ በኮንትራት ያዙ። ትርፍ ጎማው ንፋስ እንዳለው ከአዲስ አበባ ሳትወጡ እዩ፤ ይሄን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር፣ ኮፍያ፣ ሶፍት፣ ሽፍን ጫማ። ሰንደል ጫማ ይቅርባችሁ።

ሰዓቱ

እዚህ ጉዞ ላይ ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እና እኛ መጀመሪያ ስንሄድ ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እቃ ተረስቶ ተመልሰን፣ እንደምንም 6 ሰዓት ላይ ደረስን። በዚያ ፀሐይ ወፍ የለም! (ወፉስ አለ፤ ፓርኩ ውስጥ ከ400 በላይ ዓይነት ወፍ ይገኛል።) እንስሳው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ገብቷል። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ። ልጆቹን በፒጃማቸው ጠቅልላችሁ የኋላ ወንበር ላይ አስተኟቸው። ቁርስና ነዳጅ አዳማ ላይ። ከአዳማ በኋላ ከጅቡቲ መስመር ከሚመጡት ከባድ መኪኖች ጋር አትሽቀዳደሙ።

መተሐራ ልትገቡ ስትሉ በሰቃ ሐይቅን ታገኛላችሁ። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዳር የተኛ፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የሄደ ሐይቅ ነው። ልጆቹን እዚህ ቀስቅሷቸው።

በሩ ላይ

ከመተሐራ ትንሽ አለፍ ብሎ በስተቀኝ ነው። መታወቂያ ያዙ፤ የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ዋጋ አንድ አይደለም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለ ፓስፖርቱን ይዞ ይምጣ። ጥሬ ብርም አይጥፋ። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ግቡ፣ ከሹፌሩ አጠገብም አስቀምጡት። እናንተ ግንድ ያላችሁትን እሱ «ከርከሮ ነው» ይላችኋል።

ሜዳው ላይ

በቀጥታ ኢላላ ሳላ ሜዳ ሂዱ። ቀስ በሉ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ሳላ ስታዩ ሞተር አጥፉና ዝም በሉ። ፊቱ በጥቁርና ነጭ የተቀባ ይመስላል፣ ቀንዱ ቀጥ ያለ፣ ከአንድ ክንድ የሚበልጥ። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ አይደለም፣ ሴቷም አላት። በጎን ሲቆም ሁለቱ ቀንዶች አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ ልጆቹ «ባለ አንድ ቀንድ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እሱም ይሮጣል። ያኔ አትቆጡ፣ ሌላ ይመጣል። ሚዳቋና ሰጎንም ዕድል ካላችሁ። ከብትና ግመልም ታያላችሁ፤ አካባቢው የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ነው። እረኛውን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ከመኪና መውረድ ስካውቱ ውረዱ ሲል ብቻ ነው።

ፏፏቴው

ሙቀቱ ሲበረታ ወደ አዋሽ ፏፏቴ ሂዱ፣ ምሳም እዚያው ጥላ ስር። ግን ዝንጀሮ አለ። መስኮቱን መዳፍ ታህል ክፍት ትተን ወርደን ነበር፤ አንዱ እጁን ሰዶ ዳቦ የያዘውን ፌስታል ጎትቶ አወጣና እያየነው ቁጭ ብሎ በላ። ምግብ በጭራሽ አትስጧቸው፣ የለመደ ዝንጀሮ ከልጅ እጅ ይነጥቃል። ከራቅ ብላችሁ ግን እዩአቸው። ከፏፏቴው በላይ የሚኖሩት ቡናማ ናቸው፣ በታች ያሉት ደግሞ ወንዶቻቸው ግራጫ ጎፈር አላቸው። እዚህ አካባቢ ሁለቱ ዓይነት ይዋለዳሉ፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲያጠኗቸው ኖረዋል።

ገደሉ ጫፍ ላይ የልጅ እጅ አይለቀቅም። ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፣ እግር ማጠብ እንኳ አይታሰብም።

ፍልውሃውን ዛሬ ተዉት። ዘንባባው ያምራል፣ ግን በሌላኛው የፓርኩ ጫፍ ነው፣ መንገዱም አድካሚ ነው። ለአዳር ጉዞ ይሁን።

መመለስ

9 ሰዓት ላይ ከበሩ ውጡ። ልጆቹ «ትንሽ እንቆይ» ይላሉ፣ እናንተም ያምራችኋል። እምቢ በሉ፤ ሲመሽ ያ መንገድ ላይ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ አስፋልት ላይ የቆመ ግመል አለ። ቤት ስትገቡ የልጆቹን ጫማ ሶል ገልብጣችሁ እዩ፣ የግራር እሾህ አይጠፋበትም። ጎማውንም በነጋታው አስፈትሹ።